በተሰጡ ፊደሎች የእንግሊዝኛ ቃል መፈለጊያ መሥራት፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ፊደሎች የሚቀበልና እነዚያን ፊደሎች የያዙ የእንግሊዝኛ ቃላትን የሚያወጣ ትንሽ ፕሮግራም እየሠራሁ ነው። ኪው፣ ዜድ እና ኤ ብሎ የጻፈ ሰው ኳርትዝን ማግኘት አለበት። መጀመሪያ በተርሚናል፣ በኋላ በብራውዘር እንዲሠራ ነው ሐሳቤ። እንደ ስክራብልና ዎርድል ያሉ የቃላት ጨዋታዎችን ለሚጫወት፣ ስፔሊንግም ለሚለማመድ ሰው ይጠቅማል።

ፊደሎቹን እዚህ በስማቸው ነው የምጽፋቸው። ስፔሊንጉ ወሳኝ የሆነበት ቦታ ላይ ፊደል በፊደል እዘረዝራለሁ።

መጀመሪያ፦ በግሬፕ ብቻ

ኮድ ከመጻፍ በፊት ያለውን መሣሪያ መሞከር ይሻላል። ግሬፕ የተጠየቀውን ጽሑፍ የያዙ መስመሮችን ከፋይል የሚያወጣ ትእዛዝ ነው። ኬን ቶምፕሰን ነው ለዩኒክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሠራው፤ ከ1973 ጀምሮ አለ። የቃላቱ ፋይል በአንድ መስመር አንድ ቃል ይዟል። ስለዚህ ኪው ያለባቸውን መስመሮች አንድ ግሬፕ ያወጣል፣ ውጤቱ በፓይፕ ወደ ሁለተኛው ይገባና ዜድ ያለባቸው ይቀራሉ፣ ሦስተኛው ደግሞ ኤ የሌለባቸውን ይጥላል። ኳርትዝ ወጣ፣ ኩዊዚካልም ወጣ። አንድ መስመር ትእዛዝ ነው፣ በቃ።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ብርቅ የሆነውን ፊደል ማስቀደም ነው። ከኢ ከጀመርክ ከዝርዝሩ ግማሽ የሚበልጠው ወደ ቀጣዩ ግሬፕ ያልፋል። ከኪው ከጀመርክ ግን ገና በመጀመሪያው ላይ ጥቂት ቃላት ብቻ ይቀራሉ። መልሱ ያው ነው፣ የሚለየው የሥራው ብዛት ነው።

ሁሉንም በአንድ ሬጄክስ (የሚፈለገውን ጽሑፍ መልክ የሚገልጽ ቀመር) ለመጻፍም ሞከርኩ፤ ሉክአሄድ በሚባለው ዘዴ። ሬጄክሱ ቃሉ መጀመሪያ ላይ እንደቆመ ወደፊት እያየ ኪው አለ ወይ፣ ዜድ አለ ወይ፣ ኤ አለ ወይ እያለ ይጠይቃል። የግሬፕ መደበኛ ሞድ ይህን አያውቅም፤ በጂኤንዩ ግሬፕ ላይ የፐርል ሞድን ማብራት ያስፈልጋል። ይሠራል፣ ግን ፊደሎቹ አምስት ስድስት ሲደርሱ የሚነበብ ነገር አይደለም። ፓይፑ ይሻላል።

የቃላት ዝርዝሩ

ከፍለጋው ይልቅ ጊዜ የፈጀው ይሄ ነው። እንዲህ ዓይነት ነገር ለመሥራት የምታስቡ ካላችሁ፣ ኮዱን ለነገ አሳድሩትና መጀመሪያ ዝርዝሩን ምረጡ።

በዩኒክስ መሰል ሲስተሞች ላይ ብዙ ጊዜ አንድ የቃላት ፋይል ተቀምጦ ይገኛል። ከነዚህ አንዱና በጣም የታወቀው የተወሰደው በ1934 ከታተመው የዌብስተር መዝገበ ቃላት ሁለተኛ እትም ነው። 234,936 ቃላት አሉት። ቁጥሩን ሲያዩት ያጓጓል፤ ሲጠቀሙበት ግን ችግሩ ይመጣል። አንደኛ፣ ከ1934 በኋላ የመጡ ቃላት የሉም፤ ኢንተርኔት የሚለውን ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። ሁለተኛው ለእኔ ይብሳል፦ የመዝገበ ቃላት ዋና መግቢያዎችን እንጂ እርባታቸውን አይዝም። ብዙ ቁጥሮች፣ ያለፈ ጊዜ ግሦች፣ አብዛኞቹ የሉም። ኤስ የሚጨመርባቸውን ቃላት የማያውቅ መፈለጊያ ለስክራብል ምን ይረባል? ሦስተኛ፣ ማንም ሰምቷቸው በማያውቅ የእፅዋትና የኬሚካል ስሞች የተሞላ ነው። ሦስት ፊደል ሰጥተህ የምታውቀውን ቃል ለማግኘት ገጽ ሙሉ የማታውቀውን ማለፍ አለብህ።

ቀጥሎ የስፔሊንግ ማረሚያዎች የሚጠቀሙበትን የሃንስፔል ፋይል አወረድኩ። እዚህ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ፋይሉ ሥረ ቃሉን ብቻ ይጽፍና ከጎኑ እዝባርና እንደ ምልክት የሚያገለግሉ ጥቂት ፊደሎች ያስቀምጣል፤ ምልክቶቹ የትኞቹ ቅጥያዎች እንደሚፈቀዱ የሚናገሩት በሌላ ፋይል ውስጥ ነው። እንዳለ ካነበብከው ከእዝባሩ በኋላ ያሉት ምልክቶች እንደ ቃሉ ፊደል ይቆጠራሉ። ዜድ የሌለበት ቃል በዜድ ፍለጋ ሲወጣ ነው የታየኝ። ማስፋት ይቻላል፣ መሣሪያውም አብሮ ይመጣል፤ ግን ለጨዋታ ያልታሰበ ዝርዝር ስለሆነ ተውኩት።

የስክራብል ኦፊሴላዊ ዝርዝሮች ጥራታቸው የታወቀ ነው። ከሰሜን አሜሪካ ውጭ ባብዛኛው የሚሠራበት የኮሊንስ ዝርዝር በ2019 እትሙ 279,496 ቃላት ይዟል። ግን የባለቤትነት መብት አለው፤ ፈቃድ ሳይኖረኝ ፕሮግራሜ ውስጥ ከትቼ ላሰራጨው አልችልም።

የተረጋጋሁት ኢኔብል በሚባለው ነው። ከ172 ሺህ በላይ ቃላት አሉት፣ ማንም በነፃ ሊጠቀምበት ይችላል፣ እርባታዎቹን ይዟል፣ ሁሉም በትንንሽ ፊደል የተጻፈ ነው፣ የተጸውኦ ስም የለበትም። ጉድለት አለው፤ ከ2006 በፊት የተሠራ ስለሆነ የሰሜን አሜሪካ ስክራብል በዚያ ዓመት የተቀበላቸው ሁለቱ ዝነኛ አጫጭር ቃላት፣ ማለትም ኪውና አይ፣ ዜድና ኤ፣ አይገኙበትም። እንዲህ ያሉትን በእጅ የምጨምርበት ትንሽ ተጨማሪ ፋይል አዘጋጀሁ። ዋናውን ፋይል አለመንካት ነው፤ ነገ አዲስ ስሪት ብታወርድ የጨመርከው ይጠፋል።

አንድ ዝርዝር ግን አይበቃም። ቃሉ መኖሩን ኢኔብል ይነግረኛል፣ የተለመደ መሆኑን ግን አይነግረኝም። ለዚህ የኬቨን አትኪንሰንን ስካውል ጨመርኩ። ስካውል ቃላትን በደረጃ ይከፍላል፦ ትንሹ ቁጥር 10 ሆኖ ሁሉም ሰው የሚያውቃቸውን ይይዛል፣ ወደ 95 ስትወጣ የቃላት ሱሰኛ ብቻ የሚያውቃቸው ይመጣሉ። ለስፔሊንግ ማረሚያ የሚመከረው 60 ነው። እኔ ቃል አልጨምርበትም፤ ለእያንዳንዱ የኢኔብል ቃል የደረጃ ቁጥር መለጠፊያ ብቻ ነው የማደርገው። ጥቅሙን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ወጪ? ገንዘብ እስካሁን ምንም። ሁሉም ነፃ ነው።

ጽዳት

ፋይሎቹን ሳዋሕድ የወጡ ብልሽቶች፦

በኤስ የሚያልቁ ቃላትን ፈልግ ብዬ ምንም አልወጣም፤ ባዶ። ከፋይሎቹ አንዱ በዊንዶውስ የተቀመጠ ነበርና በየመስመሩ መጨረሻ ላይ የማይታይ ተጨማሪ ካራክተር አለ፤ ለኮምፒውተሩ ቃሉ የሚያልቀው በኤስ ሳይሆን በዚያ ካራክተር ነው። ርዝመቱም በአንድ ይበልጣል፣ ስለዚህ አምስት ፊደል ያላቸው ቃላት በስድስት ፍለጋ ይመጣሉ። ሁለቱንም ዓይነት የመስመር ማብቂያ አውልቆ መጣል ነው መፍትሔው።

ከዚያ የድምፅ ምልክት (አክሰንት) ያለባቸው ፊደሎች። ካፌ የሚለው ቃል መጨረሻው ኢ ላይ ጭረት ሊኖረው ይችላል። ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ፊደሎችን የሚጽፉበት መስፈርት) ይህን በሁለት መንገድ መጻፍ ይፈቅዳል፦ ጭረቱን አብሮ የያዘ አንድ ካራክተር፣ ወይም ተራ ኢ እና ከኋላው የሚለጠፍ ጭረት። ለዓይን አንድ ናቸው። ርዝመታቸውን ስትጠይቅ ግን አንዱ አራት፣ ሌላው አምስት ይልሃል። ሁሉንም ወደ ሁለተኛው መልክ ቀይሬ ጭረቶቹን ጣልኩ። በጨዋታ ሰሌዳ ላይ ጭረት ያለው ኢ የለምና ተራ ኢ መሆን አለበት።

አፖስትሮፍ ያለባቸው ከነጭራሹ ወጡ። ሁሉንም ወደ ትንሽ ፊደል ስቀይር የተደገሙ ቃላት መጡ፤ ለምሳሌ ማርች በትልቅ ፊደል ወር ነው፣ በትንሽ ፊደል ሰልፍ። አንዱን አስቀርቶ ሌላውን መሰረዝ።

«መያዝ» ሲባል የቱ?

እዚህ ላይ ኮዱን አቁሜ ወረቀት ላይ መጻፍ ነበረብኝ። «እነዚህን ፊደሎች የያዘ ቃል» የሚለው አንድ ጥያቄ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ብዙ ጥያቄዎች አሉ። ኤ፣ ሲ እና ቲን እንውሰድ።

ሦስቱም ይኑሩ፣ ሌላም ይጨመር ከተባለ አታክ፣ ፋክተሪ፣ ፋንታስቲክ ሁሉም ይገባሉ። ከሦስቱ ውጭ ምንም አይኑር ከተባለ አክት፣ ካት፣ አት። ልክ ሦስቱ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ ከተባለ አክትና ካት ብቻ፤ ይህ አናግራም ነው። በዚህ ቅደም ተከተል ይምጡ፣ በመካከል ሌላ ፊደል ቢገባ ግድ የለም ከተባለ አርክቴክት ይገባል፣ ፋንታስቲክ ግን ይወድቃል፤ ሲዋ መጨረሻ ላይ ስለሆነች ከእሷ በኋላ ቲ የለም። ተጠጋግተው ይምጡ ከተባለ ደግሞ ፋክተሪ ይቀራል፣ አርክቴክት ይወጣል።

ሌላም አለ። ከተሰጡት ፊደሎች ውጭ የማይፈቅድ፣ አንዱን ፊደል ግን ደጋግሞ መጠቀም የሚፈቅድ። የስፔሊንግ ቢ ጨዋታ እንዲህ ነው፦ ሰባት ፊደል ይሰጣል፣ የመሀሉ የግድ ነው፣ ቃሉ ከአራት ፊደል አያንስም፣ መድገም ይቻላል። በስክራብል ግን እጅህ ላይ አንድ ቲ ብቻ ካለ ሁለት ቲ ያለበት ቃል አትሠራም፤ በማንኛውም ፊደል ምትክ የሚቆም ባዶ ካርድ ካልያዝክ በቀር።

ብዙዎቹ መፈለጊያዎች የሚያናድዱት ከነዚህ አንዱን መርጠው ሳይናገሩ ስለሚሠሩ ነው የሚመስለኝ። ሰው የጠየቀው ሌላ፣ የተመለሰለት ሌላ። ስለዚህ የእኔ ውስጥ ምርጫው ከፍለጋው ሳጥን አጠገብ በግልጽ ይቀመጣል፣ እያንዳንዱም ከነምሳሌው።

ቢትማስክ

አሁን ወደ ደስ የሚለው ክፍል። እንግሊዝኛ 26 ፊደል አለው። አንድ ተራ ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) በኮምፒውተር ውስጥ 32 ቢት አለው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቢት መስጠት ይቻላል፤ እንደ መብራት ማብሪያ ነው፣ ፊደሉ በቃሉ ውስጥ ካለ ይበራል፣ ከሌለ ይጠፋል። ኤ 1 ነው፣ ቢ 2፣ ሲ 4፣ እያለ በእጥፍ ይሄዳል። ቲ ሃያኛ ፊደል ስለሆነች 524,288 ትሆናለች። ኤ፣ ሲ እና ቲ ሲደመሩ 524,293። የአክትም የካትም ቁጥር ይሄው ነው፤ የቃሉ ማስክ (ቢትማስክ) የምለው ይህን ቁጥር ነው። አታክ ኬ አለበት፤ ኬ 1,024 ነውና የአታክ ቁጥር 525,317 ይሆናል።

ፍለጋው አንዲት የ«እና» ኦፕሬሽን ናት (በእንግሊዝኛ ኤ፣ ኤን፣ ዲ)፤ በሁለቱም ቁጥሮች ላይ የበራውን ቢት ብቻ ታስቀራለች። የቃሉን ማስክና የተጠየቀውን ማስክ በቢት ደረጃ በ«እና» አጣምር፤ ውጤቱ የተጠየቀው ማስክ ራሱ ከሆነ ቃሉ ሁሉንም ይዟል። ከተሰጡት ውጭ ምንም እንዳይኖር ከፈለግክ የተጠየቀውን ገልብጠህ ከቃሉ ማስክ ጋር በ«እና» ታጣምራለህ፣ ውጤቱ ዜሮ መሆን አለበት። ልክ እነዚያን ፊደሎች ብቻ ከሆነ ደግሞ ሁለቱን ማስኮች ማነጻጸር። ሦስት ጥያቄ በአንድ ቁጥር።

ሜሞሪው 172 ሺህ በ4 ባይት ነው፣ ወደ 690 ኪሎባይት። ሁሉንም ከላይ እስከ ታች ማየት እንኳን ጣትህ ከኪቦርዱ ሳይነሳ ያልቃል። ለእያንዳንዱ ፊደል የተለየ ኢንዴክስ ሠርቼ ነበር፣ ከብርቁ ፊደል ጀምሮ እያጣጣመ የሚሄድ። በዚህ መጠን ላይ ልዩነቱ አይታይም። አጠፋሁት፤ ያነሰ ኮድ የተሻለ ነው።

ድርብ ፊደሎች

ቢ፣ ኦ፣ ኦ፣ ኬ ብዬ ጻፍኩ። ብሮክ ወጣ፤ ቢ፣ አር፣ ኦ፣ ኬ፣ ኢ። አንድ ኦ ብቻ ነው ያለው! ማስኩ መኖሩን እንጂ ስንት ጊዜ እንደሆነ አያውቅም። ግሬፑም ይሄው ችግር ነበረበት፣ ኦን ሁለት ጊዜ ብትጠይቀው ያንኑ ኦ ሁለት ጊዜ ያገኘዋል።

ፕራይም ቁጥሮችን (በ1ና በራሳቸው ብቻ የሚካፈሉትን) እዚህ ጋ ነው የሞከርኩት። ሐሳቡ በጣም ያምራል፦ ለኤ 2፣ ለቢ 3፣ ለሲ 5 እያልክ እስከ ዜድ 101 ድረስ ትሰጣለህ፤ የቃሉ ቁጥር የፊደሎቹ ብዜት ነው። የአንዱ ቃል ቁጥር በተጠየቀው ብዜት ያለ ቀሪ ከተካፈለ ፊደሎቹን ሁሉ ይዟል ማለት ነው፣ ድግግሞሹም በራሱ ይቆጠራል። ከስሌት የሚመጣ ውበት አለው፣ እውነቴን ነው። ግን ቁጥሩ ቶሎ ያብጣል። ደርማቶግሊፊክስ የሚባል ቃል አለ፣ የጣት አሻራ መስመሮች ጥናት ማለት ነው፣ 15 ፊደል ያለው አንዱም ሳይደገም። ብዜቱ ከ64 ቢት ይተርፋል። ፓይተን የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የፈለገውን ያህል ትልቅ ቁጥር ስለሚይዝ ዝም ብሎ ይሠራል፤ ብራውዘር ውስጥ ወደሚሠራው ቋንቋ፣ ወደ ጃቫስክሪፕት ሲሄድ ግን ከ53 ቢት በላይ ያለው ቁጥር ትክክለኛነቱን ያጣል፣ ያለ ቀሪ መካፈልን መጠየቅም ትርጉም አይኖረውም። የሚደጋገሙትን ፊደሎች ትንንሾቹን ፕራይሞች በመስጠት ማቅለል ይቻላል፣ ለረጃጅሞቹ ቃላት ግን ዋስትና አይሆንም። ተውኩት።

የቆየው መፍትሔ ሁለተኛ ማስክ ነው። የመጀመሪያው «ቢያንስ አንድ ጊዜ አለ» ይላል፣ ሁለተኛው «ቢያንስ ሁለት ጊዜ አለ»። ቡክ ሲጠየቅ ኦ በሁለቱም ላይ ይበራል፤ ብሮክ ሁለተኛው ላይ ይወድቃል። ሁለቱ በድምሩ 52 ቢት ናቸውና በአንድ 64 ቢት ቁጥር ይገባሉ። ጃቫስክሪፕት ላይ ግን የቢት ኦፕሬሽኖች ቁጥሩን ወደ 32 ቢት ስለሚቆርጡት በአንድ ላይ መጠቅለል አይሆንም፤ ሁለት የተለያዩ አሬዎች (የቁጥር ዝርዝሮች) አድርጌ ያዝኳቸው። ሦስትና ከዚያ በላይ ለሚደገሙት፣ እንደ ባብል ሦስት ቢ ወይም እንደ አሰስስ አምስት ኤስ ያላቸው፣ ማስኮቹን ያለፉትን ብቻ አንድ በአንድ እቆጥራለሁ። ያን ጊዜ የሚቀሩት ጥቂት ናቸው።

አናግራም ለብቻው ነው። የቃሉን ፊደሎች በአልፋቤት ተራ ደርድረህ ያንን ቁልፍ ታደርጋለህ። ሊስን፣ ሳይለንት፣ ኤንሊስት፣ ቲንስል፣ ኢንሌትስ፤ ሁሉም ሲደረደሩ ኢ፣ አይ፣ ኤል፣ ኤን፣ ኤስ፣ ቲ ይሆናሉ፣ አንድ ቦታ ይገናኛሉ።

መፈተኛ ቃላት

ኮዱን በነካሁ ቁጥር የሚሮጡ ፈተናዎች አስገባሁ። መልሳቸው አስቀድሞ የታወቀ ቃላት ይሻላሉ።

አምስቱም አናባቢዎች፦ ኤጁኬሽን፣ ሲኮያ መውጣት አለባቸው። ሲኮያ ሰባት ፊደል ብቻ ሆና አምስቱንም ይዛለች። በቅደም ተከተል ኤ፣ ኢ፣ አይ፣ ኦ፣ ዩ ሲባል ኤጁኬሽን መውደቅ፣ ፈሲሸስና አብስቲሚየስ መቅረት አለባቸው። ዋይ መጨረሻ ላይ ሲጨመር ፈሲሸስሊ። አምስቱም አናባቢ አይኑር፣ ሰባት ፊደል ይሁን፦ ሪዝምስ። ኪው ያለ ዩ፦ ፋኪር፣ ኮፍ፣ ካት በኪው የሚጻፈው። ኪው ይኑር ዩ አይኑር የሚለው ፈተና ማግለልን በደንብ ይፈትሻል፣ ምክንያቱም ስህተት ከገባ ውጤቱ ወዲያው በብዛት ይጥለቀለቃል።

ዎርድል የጨመረው ጣጣ

አምስት ፊደል፣ ስድስት ሙከራ፤ ሕጉ ቀላል ነው። በመጀመሪያው ስሪት መልስ ሊሆኑ የሚችሉት 2,315 ቃላት ነበሩ። ፍለጋው ግን የሚያስቸግር ቦታ አለው። ግራጫ የሆነውን፣ ማለትም ጨዋታው «የለም» ያለውን ፊደል ዝም ብለህ ካገለልክ ትሳሳታለህ። ስፒድ ብለህ ገመትክ እንበል፣ ሁለት ኢ አለው። አንዱ ኢ ቢጫ (አለ፣ ግን ሌላ ቦታ) ሆኖ ሁለተኛው ግራጫ ከሆነ «ኢ የለም» ማለት አይደለም፤ «ኢ አንድ ብቻ ነው» ማለት ነው። ሁለተኛው ማስክ ሳላስበው እዚህ ጠቀመ፦ ኢ በመጀመሪያው ማስክ ይብራ፣ በሁለተኛው ይጥፋ። ቢጫ ደግሞ ከመኖሩ በላይ «እዚህ ቦታ ላይ አይደለም» ስለሚል የቦታ ማጣሪያ ለብቻው ያስፈልገዋል።

ቅደም ተከተል

ኢ፣ ኤስ፣ አር ብትሰጠው የሚያወጣው ዝርዝር ማለቂያ የለውም። በአልፋቤት ተራ ማሳየት ለማንም አይረዳም፤ ማንም የማያውቃቸው ቃላት ከላይ ይሰለፋሉ። በርዝመት ብቻ ሲደረደርም አጫጭርና ብርቅ ቃላት ይቀድማሉ። የስካውል ደረጃ ሥራውን የሠራው እዚህ ነው፦ መጀመሪያ በደረጃ፣ በደረጃ ውስጥ ከአጭር ወደ ረጅም። የሚታወቀው ቃል ከላይ፣ ብርቁ ከታች። ለስክራብል ተጫዋች ግን ይህ ተቃራኒ ሊሆን ይችላል፤ እሱ የሚፈልገው ነጥብ ነው፣ ኪውና ዜድ በእንግሊዝኛው ስክራብል አሥር አሥር ነጥብ ናቸው። ስለዚህ ድርደራውም በተጠቃሚው ምርጫ ይሁን አልኩ።

የተጠየቁትን ፊደሎች በውጤቱ ውስጥ በደማቁ ማሳየትም ጨመርኩ። ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን ቃሉ ለምን እንደወጣ ዓይን ወዲያው ይገባዋል።

ብራውዘር ላይ

ገጹ ሲከፈት የቃላቱ ፋይል አንዴ ይወርዳል፣ ማስኮቹ እዚያው ይሰላሉ። ማስክ አስልቶ መላክ አያስፈልግም፤ ከቃሉ ማውጣቱ ከማውረዱ ይፈጥናል። ፋይሉ በአልፋቤት ተራ ስለሆነ ጎረቤት ቃላት መጀመሪያቸው ይመሳሰላል፣ ስለዚህ በጂዚፕ በጣም ይጨመቃል። ኢንተርኔት ቢቋረጥም እንዲሠራ ብራውዘሩ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ።

ፍለጋውን በየፊደሉ ምት ማስኬድ ይቻላል፣ ፈጣን ነው። የሚያንቀራፍፈው ውጤቱን ገጹ ላይ መሳል ነው፤ አሥር ሺህ መስመር በአንዴ ሲጨመር ስልክ ላይ ይንተባተባል። የመጀመሪያዎቹን 200 ብቻ እያሳየሁ ሲወርዱ ቀሪውን መጨመር አስተካከለው።

የቀረው የባዶ ካርድ ነው። አንድ ባዶ ማለት የሚጎድለው ፊደል ቢበዛ አንድ ይሁን ማለት ነው፣ ሁለት ባዶ ደግሞ ቢበዛ ሁለት። ማስኩ ላይ የጎደሉትን ቢቶች ቆጥሮ መጣል የመጀመሪያው ማጣሪያ ይሆናል፣ ከዚያ የድግግሞሽ ቆጠራው ቀሪውን ይጨርሳል። ቀጣዩ ማስታወሻ ላይ ፈተናዎቹን ካለፈ ኮዱንም አብሬ አስቀምጣለሁ።